ጠፍጣፋው ጎን

ፒያሳ ውስጥ የማያቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ለቅሷቸውም አልደረስኩም። ቢሆንም ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስወርድ፣ ግራጫ ኮት የደረበ ጎበጥ ያለ ጀርባ ከፊቴ ሲሄድ አያለሁ። እርምጃዬን ላፍጥን ወይስ ወደኋላ ልቅር ብዬ ሳልወስን ጀርባው ዞር ይላል፤ የሌላ ሰው ፊት ነው። «ይቅርታ» እለዋለሁ። ሰውየው ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገብቶት መንገዱን ይቀጥላል።

ሽማግሌው ወርቅ ሠሪ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተው ያረጁ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት። እሳቸው በሕይወት እያሉ እውነቱን አውጥቼ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈውም ስማቸውን ለመመለስ እንዴት እንደዘገየሁ ለመናገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። የእኔ ሥራ የነገሮችን ቆዳ ማንበብ ነው። ጎረቤቶቼ «ኤክስሬይ አንሺ» ይሉኛል፤ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። አንድ ቁራጭ ብረት ወይም ብርጭቆ ስጡኝ፤ የላይኛው ቆዳው ከምን እንደተሠራ እነግራችኋለሁ። ቆዳ ስል የሽንኩርት ልጣጭ እንዳይመስላችሁ፤ የሽንኩርት ልጣጭ ለእኛ ተራራ ነው። ናሙናውን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ክፍል ውስጥ እናስገባለን፣ አየሩን መጥጠን እናወጣለን፣ ኤክስሬይ እንለቅበታለን። ከቆዳው ላይ ኤሌክትሮኖች ተፈናጥረው ይወጣሉ፤ ማሽኑ እነሱን ቆጥሮ ይህ ወርቅ ነው፣ ይህ መዳብ ነው ይላል። ከውስጥ የተነሱት መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ማሽኑ ስለ ውስጡ ምንም አያውቅም። ውስጡን ማየት ስንፈልግ አርጎን በሚባል ጋዝ ቆዳውን እየገፈፍን እንወርዳለን።

አባቴና ጋሼ ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ አንድ ድንጋይ ነበራቸው። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ወርቅ እጃቸው ሲገባ ከሁሉ በፊት ድንጋዩ ላይ ይፍቁታል፤ ቢጫ መስመር ይቀራል። ከጎኑ ካራቱ የታወቀ ወርቅ ይፍቁና መስመሮቹ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋሉ። የተጭበረበረው ይደበዝዛል፣ ደህናው ባለበት ይቆያል። ምንም ወርቅ፣ የገዛ እህታቸው ጌጥ እንኳ ቢሆን፣ ድንጋይ ሳይነካ ከዚያ ቤት አይወጣም። ማታ ሲዘጉ አባቴ ድንጋዩን ያጥበዋል። «የትናንት ወርቅ ይዞ አያድርም» ይል ነበር።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ የቀረ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሼ የጉራጌ ልጅ ናቸው፣ ዶሮ ማነቂያ ያደጉ፣ አፋቸው የማያርፍ አራዳ። በረመዳን ጋሼ ምሳቸውን ውጭ ወጥተው ይበላሉ፤ በሁዳዴ ደግሞ አባቴ ሥጋ የነካ ምሳ ዕቃ ይዞ አይመጣም። ይህን ተነጋግረው ሲስማሙ ማንም አልሰማም። ውጭ አገር ተምሬ ስመለስ ጋሼ እቅፍ አድርገው ሳሙኝና እንዲህ አሉ፦

«እኛ በድንጋይ የምናየውን ለማየት ነው ባሕር የተሻገርሽው? እዚሁ ብትጠይቂን ኖሮ በአንድ ማኪያቶ እናስተምርሽ ነበር።»

ሳቅሁ። በሆዴ ግን ተናደድኩ። ያኔ የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ገና አዲስ ነው፣ ማሽኑም አዲስ ነው፣ እኔም አዲስ ነኝ፣ ሰውም አይሰማኝም። አንድ ቀን የሆነ ትልቅ ነገር መጥቶ «እሷን ጠይቋት» እንዲባል እጠብቅ ነበር።

እሱም መጣ። አንዲት ደንበኛ በልጇ ሠርግ ጠዋት የተበጠሰ የወርቅ ብራስሌት ይዛ ገባች። ጋሼ በጋዝ እሳት በየዱላት። ወርቅ እሳት ከነካው በኋላ ቀጠን ባለ አሲድ መቀቀል አለበት፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን መዳብ ወደ ላይ ስለሚያወጣው ይጠቁራል። ሴትዮዋ ግን ከራሳቸው ላይ ቆማ «መኪና ቆሟል፣ ሙሽራ ሊወጣ ነው» ስትል በጨርቅ ወልወል አድርገው ሰጧት። «ሠርጉ ሲያልፍ ይምጡ፣ አሲድ ላስገባው» አሏት። ሠርጉ ሲያልፍ መጣች፤ ከሦስት ወንድሞቿ ጋር። ወርቄ ጠቁሯል፣ ለውጠውብኛል አለች።

የወርቅ ሠሪዎቹ ዕድር ሽማግሌዎች ሊያዩት ቀጠሩ። ሴትዮዋ «በእናንተ ድንጋይ አልዳኝም፤ ሁላችሁም አንድ ናችሁ» አለች። ያን ጊዜ አባቴ፣ ያ ዝምተኛው፣ አፉን ከፈተ።

«ልጄ ዘንድ ማሽን አለ። ማሽን ወዳጅ የለውም» አለ።

ከብራስሌቱ አንዷን አንጓ ቆርጦ በወረቀት ጠቅልሎ ላከልኝ። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። አንዱ ጎኗ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አላት፤ ሲቆርጣት የተፈጠረ መሰለኝ። ድቡልቡል ናሙና እየተንከባለለ ያስቸግረናል። ጠፍጣፋው ስለተመቸኝ እሱን ወደ ታች አድርጌ በማጣበቂያው ላይ ለጠፍኳትና ማሽኑ ውስጥ አስገባኋት።

አርጎኑ ካለቀ ሳምንት ሆኖት ነበር። አዲሱ ከውጭ እስኪመጣ ቆዳ መግፈፍ አንችልም። መጠበቅ ነበረብኝ፤ ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ግን የሚቀመጡት ቅዳሜ ነው። «ገና ነው፣ ጋዝ አልቆብናል» ብል ምን እንደሚሉ ታየኝ፤ ጋሼ እንዴት እንደሚቀልዱም ታየኝ። ማሽኑ መዳብ አሳየኝ፣ ብዙ መዳብ። የመዳቡ መጠን ለሃያ አንድ ካራት ወርቅ ከሚጠበቀው በብዙ ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ። አረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ያየሁት ላዩን ብቻ መሆኑን ግን አልጻፍኩም። ፈረምኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ ሐሙስ ለአባቴ ይዤለት ሄድኩ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይህ ነው?» አለ።

«ይህ ነው አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማሽን ይዋሻል እንዴ!»

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ጋሼ ያኔ እዚያው ጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብለው በትንሿ መዶሻቸው ጢቅ ጢቅ ያደርጉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩንም።

ቅዳሜ በዕድሩ አዳራሽ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከፊት አቆሙኝ። በቀጭን ድምፅ ስጀምር ከመካከል ጋሼ፣ በራሳቸው ጉዳይ ላይ፣ «ዶክተር፣ ጮክ በይ እንጂ! ከኋላ ያሉት አይሰሙም» አሉ። ሰው ሳቀ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ «እስቲ ድንጋይም ይንካው» አሉ። አባቴ ወለሉን ያይ ነበር። ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጥ ጋሼ ተነሡ።

«ወረቀቱ ተናግሯል፣ ይብቃ። ብራስሌቱን እተካላታለሁ።»

ጥፋታቸውን ያመኑ መሰለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የመሰለው። በሳምንቱ ከጠረጴዛው ለቀቁ፤ ወርቅ አምኖ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ድልድዩ አጠገብ ቁጭ ብለው ጃንጥላና ዚፕ ይጠግኑ ጀመር። የፀጉር ያህል ቀጭን የወርቅ ክር ይጎነጉኑ የነበሩ ጣቶች የጃንጥላ ሽቦ ሲያቃኑ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ጋዙ በሁለት ወሩ መጣ። አንጓዋ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። ለምን እንዳወጣኋት ዛሬም አላውቅም፤ ሆዴ ሳይነግረኝ አልቀረም። በዚያው በጠፍጣፋው ጎኗ ለጠፍኳትና ቆዳዋን ገፈፍኩ። ደቂቃዎች አልፈጀም። መዳቡ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ከታች ንጹህ ሃያ አንድ ካራት ወጣ። ክው ብዬ ቀረሁ። ማሽኑን ዘጋሁ፣ አንጓዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ መሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩባት፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ለአባቴ ብዬ ነው እል ነበር። በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ» ብሎ ያቆመኝ እሱ ነው፤ አላዋርደውም እል ነበር። እውነቱ ግን ለራሴ ፈራሁ። የመጀመሪያ ወረቀቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሰመረ። ስለ ዝገት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ፋብሪካ ማጣሪያ ብዙ ወረቀት ጻፍኩ፤ ሰውም ሰማኝ። ለተማሪዎቼ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ «ሳትገፍፉ አትፍረዱ» የሚል ነበር፤ እነሱም በደብተራቸው ይጽፉታል። እኔ ግን የማሽኑ ፓምፕ በተነሣ ቁጥር ከሞተሩ ድምፅ ሥር ጢቅ ጢቅ የሚል ነገር እሰማ ነበር። ቴክኒሻኑን ሦስት ጊዜ አስፈትቼዋለሁ። «ዶክተር፣ ምንም የለውም» ይለኛል። የመዳብ መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ የማንም ናሙና ይሁን፣ አንገቴን ላብ ያጠምቀዋል። አሁንም ያጠምቀዋል።

አባቴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ በሌላ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። አሮጌው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ዶሮ ማነቂያ እንደሚወርድም አውቅ ነበር። ጋሼ ዘንድ እንደሚሄድ ገምቻለሁ፤ ደግ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ጋሼ የሞቱ ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆሞ «አትመጪም?» አለኝ።

«ሥራ አለኝ» አልኩት።

እንደዚያ ዓይነት አስተያየት አይቶኝ አያውቅም። በሩን ዘግቶ ሄደ። በዓመቱ እሱም ተከተላቸው፤ አላህ ይርሐመው።

ሰፈሩ ሊነሣ ነው ሲባል የአባቴን ሳጥን ለማውጣት ወደ ጠባቧ የሥራ ቤት ሄድኩ። ግማሹ ጎረቤት ወጥቷል፣ ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ በተከፈተው ጣራ ፀሐይ ገብቶ ጠረጴዛውን ይመታዋል። ሁለቱ ሰዎች ክርናቸውን ያሳረፉበት ቦታ በሁለት በኩል ጎድጉዷል። ሳጥኑ ሥር በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አሮጌው ድንጋይ ነው። አልታጠበም፤ ሁለት ቢጫ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰምረውበታል፣ አንዱ ከሌላው አይለይም።

ቢሮዬ ወስጄ መብራት ሥር አስቀመጥኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም ይዘገንነኛል፦ እጄ በልማዱ ወደ አልኮሉ ሄደ። እኛ ናሙና ስናገኝ መጀመሪያ እንጠርጋለን። ጥጡን ነክሬ ድንጋዩ ላይ ላሳርፍ ትንሽ ሲቀረኝ ቆምኩ። አባቴ ድንጋይ ሳያጥብ አድሮ አያውቅም። ይህንን ሳያጥብ ያስቀመጠው እንዲታይ ፈልጎ ነው።

መሳቢያውን ከፍቼ ብልቃጡን አወጣሁ። ያቺን አንጓ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ገልብጬ ግን አይቻት አላውቅም። ጠፍጣፋውን ጎኗን ወደ ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። መጋዝ የቆረጠው አይደለም። ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ናቸው፤ ድንጋይ የፈቀፈቀው ነው። ስፋቱን ድንጋዩ ላይ ካለው ከአንዱ መስመር ጋር አገጣጠምኩት፤ ልክ ነው።

አባቴ አንጓዋን ቆርጦ ወደ እኔ ከመላኩ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ ድንጋይ አስነክቷታል። ድንጋይ ሲፍቅ ቆዳውን ገፎ ውስጡን ነው የሚያወጣው። እኔ አርጎን ጠፋ ብዬ ያላየሁትን እሱ አንድ ጊዜ በመፋቅ አይቶታል። የተፋቀውን፣ እውነቱ የተገለጠበትን ጎን ነው እንዲመቸኝ ብዬ ወደ ታች የለጠፍኩት። ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ሲያነብ ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር። ለዚያ ነው «እርግጠኛ ነሽ?» ያለኝ፤ መውጫ ሊሰጠኝ። ቢሮዬ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ የጋሼን ባለቤት ፍለጋ ወጣሁ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታቸው የለም፤ ሰው ጠይቄ ጠይቄ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። እትዬ በሩን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ገቢ» አሉ። «ለቅሶ ልትደርሺ ነው? ዘገየሽ።»

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አርጎኑን፣ መሳቢያውን፣ ድንጋዩን። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ሰሙኝ። ምንም አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወረቀቱን በሰጠሽው ማግስት፣ ዓርብ ከሶላት ሲወጣ፣ አባትሽ ቤታችን መጣ። አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ነገ ቆሜ እናገራለሁ፣ ልጄ ተሳስታለች እላለሁ አለ። ባለቤቴ ነው የከለከለው። ‹በመጀመሪያ ወረቀቷ ውሸታም ካልናት ማን ዳግም ይሰማታል? የኔስ ዕድሜ ሄዷል› አለው። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሰማሁ።»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የሌባ ሚስት ተብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዕድር ላይ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ሠርግ ቤት ወርቅ ከተቀመጠበት ክፍል አያስገቡኝም፤ በትሕትና ነው፣ ‹እማማ፣ እዚህ ይሻልዎታል› እያሉ።»

ተነሥተው ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። የጋሼ መታወቂያ፣ ሁለት ፎቶ፣ ከሥሩም በአራት የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቴ ነው። ማህተሙ ደብዝዟል።

«ልቅደደው ስል ‹የልጃችን የመጀመሪያ ወረቀት ነው፣ ተይው› ይለኝ ነበር። እሱ ይቅር ብሎሻል። እኔ ግን ገና ነኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ። «ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «አሁን የነገርሽኝን በወረቀት አድርጊው። ማህተም ያለው። ያኛው ማህተም ነበረው።»

«አባቴንስ ልጻፈው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ማወቅ ፈልጌ ነው እንጂ ልደብቀው አልነበረም፤ ወይም ልደብቀው ነበር፣ አላውቅም።

«የሆነውን ጻፊ» አሉ።

ጻፍኩ። ብዙ ወረቀት የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ያችን አንድ ገጽ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ላዩን ብቻ አይቼ እንደፈረድኩ፣ ወርቁ ሃያ አንድ ካራት እንደነበረ፣ በሁለት ወሩ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ አባቴም አውቆ ዝም እንዳለ፣ ጋሼ ስለ እኔ ሲሉ ያላጠፉትን እንደተቀበሉ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ «ይህ ምን ያደርግልሻል? ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አለኝ። ማህተሙን ግን አልከለከለኝም።

ዕድሩ አልፈረሰም። ሰዎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ከያሉበት እየመጡ ጊዮርጊስ አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ከሽማግሌዎቹ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያኔ «ድንጋይም ይንካው» ያሉት። ድንጋዩንና አንጓዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እኒያ ሽማግሌ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አዩ፣ ለጎረቤታቸው አቀበሉ፣ አንገታቸውን ደፉ።

ከፊት ቆሜ ወረቀቱን ከፈትኩ። እትዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የለመዷት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። «አባቴ» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። ያን ግራጫ ኮት ከመካከል ወንበሮች ፈለግሁት፤ የለም።

«ጮክ በይ» አሉ እትዬ ከበሩ አጠገብ። «ያኛውን ጮክ ብለሽ ነበር ያነበብሽው።»